ያልፈረመችው ቅጽ

የራሷን ፊርማ፣ እናቷ የልብስ ንድፍ በምትቆርጥበት ቡናማ ወረቀት ላይ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተፈርሞ አገኘችው። የተነሳችው መቀስ ፍለጋ ነበር። ወረቀቱ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ተስሎበታል፤ በእጅጌው ውስጥ፣ ከትከሻው እስከ አንጓው ድረስ፣ የሷ ፊርማ ተደርድሯል። የላይኛዎቹ የተንቀጠቀጡ ነበሩ። አንዱ ጭራው ረዝሟል፣ ሌላው ሆዱ ተነፍቷል። ወደ ታች ሲወርዱ ግን እየተስተካከሉና እየደፈሩ ሄደው፣ የመጨረሻዎቹ አምስቱ እሷ ራሷ ከምትፈርመው አይለዩም ነበር። መቀሱን በአንድ እጇ፣ ወረቀቱን በሌላው እንደያዘች ቆመች። እናቷ ደረሰኝ ለመፈረም ካልሆነ በቀር ብዕር ስትይዝ አይታት አታውቅም።

ከመስኮቱ ውጭ የአጎቷ ድምፅ ይሰማል። አጎቷ የእናቷ ታላቅ ወንድም ሲሆን ከፊት ባለው ትልቁ ቤት ይኖራል፤ እሷና እናቷ ደግሞ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች። አንደኛው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናው፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር እና የተቆረጠ ጨርቅ ክምር አለ። ሁለተኛው ውስጥ ሁለት አልጋ፣ በአልጋዎቹ መካከል ደግሞ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍበት ክፍተት አለ። አጎቷ ጠዋት ጠዋት ወደ መድኃኒት ቤቱ ከመሄዱ በፊት የአውቶሞቢሉን ቁልፍ እያንቃጨለ በዚያ በኩል ብቅ ማለት ልማዱ ነው። መስኮቱ ስር ቆሞ የሚናገረውን ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚሰማው ግን አንድም ቀን ትዝ ብሎት አያውቅም።

"ሬጅስትራሩ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል" እያለ ነው። "ከዚያ በኋላ ብታለቅስም ብትስቅም አንድ ነው። የትምህርት ክፍሏ ኃላፊም ፈርሞ ለቋታል፤ እኔው ራሴ ነኝ ደውዬ ያናገርኩት።"

"ሦስት ዓመት ተምራለች እኮ፣ ጋሼ" አለች እናቷ።

"ሦስት ዓመት የተሳሳተ አውቶቡስ ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ሦስት ዓመት ስለተቀመጥኩ አልወርድም ይላል? ፋርማሲ ከአንደኛ ዓመት ትጀምራለች። ነጭ ጋውን ለብሳ ጥላ ስር መቀመጥ ማን ይጠላል? አሁን ምንድን ነው የምትሆነው? የድንጋይ ሐኪም?" ሳቀ። እናቷ አልሳቀችም፤ አልተቃወመችም ግን። "ቅጹ ላይ ያለው ፊርማ የሷ ነው የሚመስለው፣ አትጨነቂ" ብሎ ቁልፉን እያንቃጨለ ሄደ።

ልጅቷ ነገሩ ገባት። አጎቷ መድኃኒት ቤቱን ይክፈተው እንጂ ባለሙያ አይደለም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የባለሙያ ፈቃድ የሌላ ሰው ነው፤ ያ ሰውዬ በወር አንድ ቀን ብቅ ብሎ ለስሙ ኪራይ ተቀብሎ ይሄዳል። አጎቷ ይህን ኪራይ በከፈለ ቁጥር ያማርራል። "የራሳችን ልጅ እያለች!" የሚለውን ቃል በበዓልም በለቅሶም ሰምታዋለች። ቀልድ ይመስላት ነበር።

እናቷ ስትገባ ልጅቷ ወረቀቱን አልደበቀችም። እናቷ ወረቀቱን አየችው፣ ልጇን አየች፣ ከዚያ ሄዳ ስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቴም ሳተችው። በሌላ ቀን ቢሆን ልጅቷ ታስገባላት ነበር። አሁን መቀሱን ቦታው መለሰች፣ ወረቀቱን ክምሩ ላይ አስቀመጠች፣ ቦርሳዋን አነገተች።

"ቁርስ ሳትበይ?" አለች እናቷ፣ ዓይኗን ከመርፌው ሳታነሳ።

"ረፍዶብኛል።"

መንገዱ ላይ ቁጣው መጣ። የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ መጣ፣ ታክሲው ውስጥ ጉልበቷ ከሰው ጉልበት ጋር ተጋጥሞ መጣ፣ ረዳቱ ዋጋ መጨመሩን ሲናገርና ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም መጣ። በአጎቷ ላይ መቆጣት ቀላል ነበር፤ አጎቷ የሚፈልገውን ስታውቅ ነው የኖረችው። የከበዳት ያ ሠላሳ አንዱ ፊርማ ነው። አንድ ጊዜ ተሳስቶ መፈረም ይኖራል፣ ተገዶ መፈረምም ይኖራል። ሠላሳ አንድ ጊዜ ተለማምዶ ግን ሰው ሲፈርም በየመካከሉ ስንት ጊዜ ማቆም ይችል ነበር! እናቷ የት እንደተቀመጠች፣ መብራቱን የት እንዳደረገች፣ እሷ አጠገቧ ተኝታ ይሁን አይሁን ማሰብ አልፈለገችም፤ ግን አሰበች።

የትምህርት ክፍሉ ሕንፃ ከግቢው ሁሉ አሮጌው ነው። ከዋናው በር ጀምሮ በመጀመሪያ የኢንጂነሪንጉ፣ ቀጥሎ የሕክምናው መስታወታማ ሕንፃ ይታለፋል፤ ከዚያ የካፍቴሪያው ጀርባ፣ ከዚያ ጄኔሬተሩ፣ ከዚያ እነሱ። ጂኦኬሚስትሪ፣ የድንጋይና የአፈር ኬሚስትሪ፣ በዚያ ዓመት በሦስተኛ ዓመት አሥራ ሁለት ተማሪ ነበረው፤ ከነዚህ ውስጥ ሴት እሷ ብቻ ናት። ስትመደብ ስሙን ሰምታው አታውቅም ነበር። በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረሻ አንድ መምህር እፍኝ አፈር ጠረጴዛ ላይ አፍስሶ "ይሄ አፈር በላዩ ያለፈውን ሁሉ ይዞ ነው የተቀመጠው፤ የምንማረው እሱን ማስለፍለፍ ነው" አላቸው። ያን ቀን ነው እዚያው ለመቅረት የወሰነችው። የመመረቂያ ጥናቷን የጀመረችውም ከከተማው አፈር ነው፤ ከሃያ አራት ቦታ አፈር ሰብስባ ውስጡ ምን ያህል እርሳስ እንዳለ ትለካለች። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ስትናገር አጎቷ "እርሳስ ፍለጋ አፈር ምን ያስቆፍራል? ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ሞልቷል!" ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ለደንበኞቹ ሲያወራው ከርሟል። ሰውነት ውስጥ ገብቶ የልጅ አእምሮ የሚጎዳው ብረት እንደሆነ ስታስረዳው "ታዲያ ለሱም መድኃኒት አለ" አላት።

የኃላፊው ቢሮ ተዘግቷል። ጸሐፊዋ "ዶክተር ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ነው የሚገቡት" አለቻትና አየት አድርጋት ዝቅ ባለ ድምፅ "ልትለቂ ነው አሉ?" ስትል ጨመረች። በመላው ሕንፃ ወሬው ተሰምቶ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት ማለት ነው። ቀጥታ ሬጅስትራር ልትሄድ ወጣችና ደረጃው ላይ ቆመች። አራት ሰዓት ላይ እርሳሱን የሚለካው ማሽን ተራዋ ነው። ማሽኑ አንድ ብቻ ሲሆን ሦስት የትምህርት ክፍሎች ይጋሩታል፤ ዛሬ ካመለጣት ቀጣዩ ተራ ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው። አፈሩን ለወራት አድርቃዋለች፣ በወንፊት ነፍታዋለች፣ በአሲድ አብስላዋለች። ሬጅስትራር ሄዳ ብትሰለፍ ደግሞ የኃላፊው ደብዳቤ ሳይኖራት ማን ይሰማታል? ተመልሳ ወደ ላቦራቶሪው ወረደች።

የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው ሰው ነው። ተማሪው ሁሉ "ጋሽ ነጥብ" ይለዋል፤ የቁጥር ነጥብ ያለቦታው ያስቀመጠ ተማሪ ካገኘ "ነጥቡ የት ሄደ? ነጥቡን ማን በላው?" ብሎ ኮሪደር ድረስ ይጮኻል። ስትገባ ሰዓቱን አየ።

"እውነትም መጥተሻል። የለቀቀ ተማሪ ተራውን ጠብቆ ሲመጣ አይቼ አላውቅም።"

"አልለቀቅኩም፣ ጋሽ ነጥብ።"

"እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።" መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ትናንት ከቢሮ ቅጽሽን ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ተማሪዋ የላቦራቶሪ ንብረት መልሳለች ብለህ ፈርም አሉኝ። የዓይን መከላከያውም፣ ብልቃጡም ሁሉ እሷ ዘንድ ነው፣ ነገም ተራ አላት፣ አልፈርምም ብዬ መለስኩት። ቅጹ ላይ ያለችው የኔ መፈረሚያ ሣጥን ባዶዋን ነው የሄደችው።"

ጋውኗን ለበሰች፣ ጓንቷን አጠለቀች፣ ብልቃጦቿን በቁጥራቸው ደረደረች። ማሽኑ ሲለኮስ ሰማያዊ እሳት በጠባቧ ቀዳዳ በኩል እንደ ምላጭ ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ ተስቦ እንደ ጉም እሳቱ ውስጥ ይረጫል፤ በውስጡ ያለው እርሳስ የዋጠው ብርሃን ተለክቶ ቁጥር ይሆናል። በመጀመሪያ መጠናቸው የታወቁትን አምስት ፈሳሾች አሳለፈች፤ ነጥቦቹ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ አረፉ። ጋሽ ነጥብ ከኋላዋ መጥቶ አየና ምንም ሳይል ተመልሶ ሄደ፤ ይህ ከሱ ትልቅ ምስጋና ነው። ከዚያ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ቀጠለች። ሥራው ለቁጣ ቦታ አልተወላትም። ትንሽ ብትቸኩል፣ ቱቦውን በደንብ ሳታጥብ ብታልፍ፣ የአንዱ አፈር እርሳስ በሌላው ላይ ይቆጠራል። እስከ አሥራ ስድስተኛው ድረስ ቁጥሮቹ ከጠበቀችው ብዙም አልራቁም፤ አውራ ጎዳናው ዳር ትንሽ ከፍ፣ መናፈሻው ውስጥ ዝቅ።

አሥራ ሰባተኛው ላይ ቁጥሩ ዘለለ። ከሌሎቹ አሥራ አንድ እጥፍ ሆኖ መጣ።

"ነጥቡ የት ሄደ?" አለ ጋሽ ነጥብ ከጠረጴዛው ሳይነሳ፤ ፊቷን አይቶ ነው።

"ነጥቡ ቦታው ነው።"

ተነስቶ መጣ። ቱቦውን አጠቡ፣ ባዶ ውሃ አሳለፉ፣ የታወቀውን ፈሳሽ ደግመው ለኩ። ማሽኑ ልክ ነበር። ከዚያው አፈር ለብቻው ተመዝኖ የበሰለ ሁለተኛ ብልቃጥ ነበራት፤ እሱንም አስገባችው። ያው ቁጥር፣ ከጥቂት ልዩነት ጋር።

"ሁለቴ አንድ ዓይነት ከተናገረ የሚዋሸው ማሽኑ አይደለም" አለ። "ከየት ነው ያመጣሽው?"

ቦታው ባትሪ የሚያድሱ ሱቆች የነበሩበት ሜዳ ነው። ሱቆቹ ከፈረሱ ቆይተዋል፤ አሁን የሰፈሩ ልጆች ሁለት ድንጋይ ለግብ አስቀምጠው ኳስ ይጫወቱበታል። አፈሩን የወሰደች ቀን አንዲት ትንሽ ልጅ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ "ምን ጠፋብሽ?" ብላት ነበር። ያቺ ልጅ ስትጠይቃት እጆቿ እስከ ክርኗ አፈር ነበሩ፤ አንድ ጣቷን ደግሞ አፏ ውስጥ ከታ ነበር። ይህን እያሰበች ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ብዕሩን በጣም ስለተጫነችው ወረቀቱ ተቀደደ። እንደገና ጻፈችው። የቀሩትን ሰባት ብልቃጦች ሳትቸኩል ጨረሰች፣ ማሽኑን አጥፍታ አጠበች፣ ውጤቱን አትማ ወጣች። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ካፍቴሪያው ሻይና ዳቦ ብቻ ቀርቶታል፤ ዳቦው ካለፈው ሳምንት አንሶ ዋጋው ግን ጨምሯል። ቆማ በላች።

ኃላፊው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ መጣ። ቢሮው በድንጋይ የተሞላ ነው፤ መስኮቱ ላይ ድንጋይ፣ መደርደሪያው ላይ ድንጋይ፣ ወረቀት እንዳይበር የተጫነውም ድንጋይ። ክፉ ሰው አይደለም። ተማሪዎቹን "ልጄ" ይላቸዋል፣ ፈተና ላይ ውሃ ያስመጣላቸዋል። ወንበር አሳያት፤ አልተቀመጠችም።

"ዶክተር፣ መልቀቂያዬን የፈረሙት እርስዎ ነዎት?"

"አጎትሽ ደውለውልኝ ነበር። ቤተሰብ ተመካክሮ ወስኗል አሉኝ። እኔ ምን ልበል?"

"እኔም ከቤተሰቡ ነኝ። ያማከረኝ ሰው የለም።"

ዶክተሩ ብዕሩን አገላበጠ። "እንግዲህ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ሦስተኛ ዓመት ላይ የመስክ ሥራ ሲመጣ ሴቶቹ ይለቃሉ። እስካሁን ስምንት ሸኝቻለሁ። ወላጅ ይደውላል፣ ቅጽ ይመጣል፣ እፈርማለሁ። ለምጄዋለሁ።"

"ከስምንቱ አንዷን ጠርተው ጠይቀዋል?"

ዶክተሩ ዓይኑን መስኮቱ ላይ ወዳሉት ድንጋዮች አዞረ። እሷም ጥያቄውን ለማለስለስ ምንም አልጨመረችም። ቀድሞ ቢሆን ይቅርታ ጠይቃ ትወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን የታተመውን ወረቀት አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው። ዶክተሩ ከልማድ የተነሳ አነበበው። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ሲደርስ መነጽሩን ፈለገ።

"ደግመሽዋል?"

"ሁለት ብልቃጥ፣ ለየብቻቸው የበሰሉ። በመካከሉ ባዶ ውሃ አሳልፈናል።"

"ቦታው አጥር አለው?"

"የለውም። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድክ ድክ የሚሉም አሉ።"

ዶክተሩ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ወዳለው የከተማው ካርታ ሄደ። አሁን የሚናገረው ከሷ ጋር ይሁን ከራሱ ጋር አይታወቅም። በአንድ ናሙና ማንም እንደማያምን፣ ሜዳውን በየአምስት ሜትሩ ከፋፍሎ ቢያንስ ከሃያ ቦታ መውሰድ እንደሚያስፈልግ፣ ለጤና ቢሮ የሚጻፈው ደብዳቤ ከዚያ ቀጥሎ እንደሚመጣ ተናገረ። "ቅዳሜ መሄድ ይቻላል" አለ በመጨረሻ።

"ማን ነው የሚሄደው?"

ዞር ብሎ አያት።

"እኔ በወረቀቱ መሠረት የዚህ ክፍል ተማሪ አይደለሁም" አለች። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨርሶ ያልቃል።"

ዶክተሩ ተቀመጠና የክፍሉ ማህተም ያለበት ወረቀት ሳበ። በእጁ ጻፈ። ፈርሞ ሲሰጣት ቆማ አነበበችው። ተማሪዋ በትምህርት ክፍሉ እንድትቀጥል፣ ቀደም ሲል የተሰጠው መልቀቂያ የተሰረዘ መሆኑን ይገልጻል።

"'ተማሪዋ ሳትጠየቅ የተሰጠው' የሚለውን ይጨምሩልኝ።"

"እሱ እንኳ አያስፈልግም ነበር።"

"ለኔ ያስፈልገኛል።"

ጆሮው ድረስ ቀላ። ብዕሩን አንስቶ በመስመሮቹ መካከል ሁለት ቃል በጠባቡ ጨመረ፣ ከጎኑም ፈረመ።

ሬጅስትራር ስትደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። በሦስተኛው መስኮት ፊት ያለው ሰልፍ ጥላው አልቆ ፀሐይ ላይ ወጥቷል። አንዱ ደረሰኝ ጠፍቶበት ይለማመጣል፣ አንዷ የስሟ ፊደል ተሳስቶ ለአራተኛ ጊዜ ነው የተመለሰችው። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ በእናቷ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ በቀኝ እጇ ማህተም፣ በግራዋ ወረቀት እያገላበጠች ስልክ የምታወራው ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ነው። ተራዋ ሲደርስ ለመዝጊያው ሃያ ደቂቃ ቀርቶ ነበር። ሴትዮዋ ደብዳቤውን አነበበች፣ ፋይሉን ፈልጋ አወጣች፣ ቅጹንና ደብዳቤውን ጎን ለጎን አስቀመጠች።

"ኃላፊሽ ሰርዞታል፣ ጥሩ። ግን ቅጹን የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ራስሽ አመልክተሽ ራስሽ ትሰርዣለሽ?"

"ፊርማው የኔ አይደለም።"

የማህተሙ እጅ ቆመ። "የኔ አይደለም ማለት ቀላል ነገር አይደለም፣ እህቴ። ያንቺ ካልሆነ የሆነ ሰው ፈርሞታል። ወደ ዲሲፕሊን ነው የሚሄደው። የማን ነው?"

"የኔ እንዳልሆነ ነው የማውቀው።"

ሴትዮዋ ቅጹ ላይ ያለውን የአሳዳጊ ስልክ ቁጥር አይታ ደወለች። የአጎቷ ድምፅ ከጠረጴዛው ላይ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከኋላው የመድኃኒት ቤቱ ሬዲዮ ይሰማል። ሴትዮዋ ከየት እንደምትደውል ነግራ ስለ ፊርማው ጠየቀችው።

"እኔ? እኔ እጄ የለበትም፣ እመቤቴ" አለ። "የፈረመችው እህቴ ናት፣ የልጅቷ እናት። ያልተማረች ሴት ናት፤ ሕግ አታውቅም። እኔ እንዲያውም ተይ ብያት ነበር።"

ሴትዮዋ አመስግና ዘጋችው። ልጅቷ የመስኮቱን ብረት ይዛ ቆመች፤ ብረቱ ፀሐይ ስለዋለበት ይፋጃል፣ እጇን ግን አላነሳችም። ከጠዋት ጀምሮ በእናቷ ላይ የያዘችው ቁጣ አሁንም አልጠፋም። የገዛ ቁጣዋ ነው፤ ለዚህ ሰው አሳልፋ የምትሰጠው አልነበረም።

"ሰማሽ?" አለች ሴትዮዋ።

"ወረቀት ይስጡኝ።"

የተሰጣት ወረቀት ላይ ቆማ ጻፈች። "ይህ ፊርማ የእኔ አይደለም። ከትምህርት ክፍሌ አልለቅም።" ከስሩ ፈረመች። "ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም" አለች። "ዲሲፕሊን ቢጠራኝም የምናገረው ይህንኑ ነው።"

ሴትዮዋ ሁለቱን ፊርማዎች አስተያየች። ብዙ አየቻቸው። ከሰልፉ አንድ ሰው "ኧረ ሰዓት!" ሲል ጮኸ።

"የናት እጅ" አለች ለራሷ ያህል። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ "ፋይል የሚቀበለው ወረቀት ነው፤ በስልክ የተወራውን አያስገባም። የላቦራቶሪው ሣጥንም ባዶ ነው፤ ቅጹ ከመነሻው አልተሟላም" አለችና ማህተሙን አሳረፈችው። ተሰርዟል። "የሚቀጥለው!"

ቤት ስትደርስ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። አጎቷ ቀድሟት የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እናቷ መኪናው ላይ ናት፣ ግን አትሰፋም። ጨርቁ ከመርፌው ስር እንደተወተፈ ነው። ልጅቷ በሩ ላይ ስትቆም አጎቷ አባታዊ ድምፁን አወጣ።

"ነይ ግቢ። ከዩኒቨርሲቲው ደውለውልኝ ነበር። እናትሽ ላይ ነገር እንዳይመጣ ብዬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እንግዲህ ነገሩን አታካብጂው፤ አሁንም ማስተካከል ይቻላል፣ የማውቀው ሰው አለ።"

"ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ነበር፣ ጋሼ" አለች። "ድምፁ ክፍት ነበር። እኔም ሰልፉም ሰምተናል።"

እሷ ጨርሳ ልትተወው ትችል ነበር፤ እናቷ ግን ቀና ብላ እያየቻት ነው። ስለዚህ ቃሉን ሳትጨምር ሳትቀንስ ደገመችው። "'እኔ እጄ የለበትም። የፈረመችው እህቴ ናት። ያልተማረች ሴት ናት። እኔ እንዲያውም ተይ ብያት ነበር።' ነው ያሉት።"

ከትልቁ ቤት የቴሌቪዥን ድምፅ ይመጣል። እናቷ ጨርቁን ከመርፌው ስር ቀስ ብላ አላቀቀች፣ አጠፈች፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

"ተይ ብለኸኝ ነበር?" አለች።

"የሆነ ነገር ማለት ነበረብኝ እኮ! በድንገት ነው የደወለችው። ደግሞ አንቺን ማን ያስርሻል፣ ሴት ነሽ፣ ይራሩልሻል፤ እኔ የንግድ ፈቃድ ያለኝ ሰው..."

"አንድ ጊዜ እንኳ 'ተይ' ብትለኝ ኖሮ እተወው ነበር" አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። "አንድ ጊዜ። ቃልህን የጣስኩበት ቀን የለም፣ እድሜ ልኬን የምትለኝን ስሰማ ነው የኖርኩት። ይቺን አንዲቷን ግን ለኔ አልነገርከኝም። ለማላውቃት ሴት ነገርካት።"

አጎቷ ተነሳ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ ግን አላንቃጨለውም። "ይሄ ቤት የማን እንደሆነ አትርሱ" አለ።

"አልረሳንም" አለች እናቷ። "የወሩ መጨረሻ ላይ ክፍሎቹን ለቅቀን ቁልፉን እሰጥሃለሁ።"

የምትቀልድ መስሎት ጥቂት ጠበቃት። ከዚያ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። እናትና ልጅ የእግሩ ድምፅ ትልቁ ቤት እስኪገባ ድረስ አዳመጡ። የት እንደሚሄዱ አንዳቸውም አላወቁም። ለአንድ ክፍል የሚጠየቀው ኪራይ ስንት እንደደረሰ ሁለቱም ያውቃሉ።

"ማን ፈረመው ሲሉሽ ምን አልሽ?" አለች እናቷ፣ በሩን እያየች።

"የኔ አይደለም አልኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምንም።"

እናቷ አንገቷን ነቀነቀች። ይቅርታ የሚለው ቃል አፏ ድረስ መጥቶ እንደተመለሰ ልጅቷ አየች፤ አላገዘቻትም። "ተቆጥቼብሻለሁ፣ እማ" አለች። "ቶሎ የሚበርድልኝም አይመስለኝም።"

"አይብረድልሽ" አለች እናቷ። "ልክ ነሽ።"

ልጅቷ ሌላው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስለ ሜዳው ነገረቻት፤ ስለ ቁጥሩ፣ ጣቷን ስለምትጠባዋ ትንሽ ልጅ፣ ቅዳሜ ከዶክተሩ ጋር ሄዳ በየአምስት ሜትሩ አፈር እንደምትወስድ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ለሁለት ሳምንት መስክ እንደሚወጡ። እናቷ ምን ያህል እንደገባት አይታወቅም፤ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። አንድ ጊዜ ብቻ "እናቶቻቸው ያውቃሉ?" ብላ ጠየቀች። ልጅቷ "ገና ነው" አለች።

"በዚህ ቀሚስ ነው ገደል የምትወጪው?" አለች እናቷ በድንገት።

"ሱሪ ከክፍሌ ልጆች እዋሳለሁ።"

"የወንድ ሱሪ ወገብሽ ላይ አይቆምም።" ከመደርደሪያው ስር ወፍራም ግራጫ ጨርቅ ጎትታ አወጣች፤ ለዘበኞች ዩኒፎርም ከመጣው የተረፈ ነው። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣለች። "ተነሺ።"

ወገቧን ለካች፣ ዳሌዋን ለካች። ኪሱ ስንት ኪሎ ድንጋይ እንደሚሸከም ጠየቀችና መልሱን ስትሰማ "እንግዲያው ድርብ ነው የሚሆነው" አለች። ከዚያ ተንበርክካ "እስኪ የምትራመጂውን ያህል ተራመጂ" አለቻት። ልጅቷ አንድ እግሯን ወደፊት ዘረጋች፤ ጉልበቷ ከመኪናው ጋር ተጋጨ። በሌላ በኩል ሞከረች፣ የጨርቁ ክምር ያዛት።

"በቃ ይሄው ነው እርምጃሽ?"

"አይደለም። ቦታ የለም።"

እናቷ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው። ከዚያ ተነሳች፣ መብራቱን በረጅም ሽቦው ጎትታ ደጃፉ ላይ ሰቀለችው፣ ልጇን በክንዷ ይዛ ወደ ግቢው ወጣች። ልክ በትልቁ ቤት መስኮት ፊት ለፊት አቆመቻት። መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። እናቷ አይታዋለች።

"አሁን ተራመጂ" አለች።

ልጅቷ በሰፊው ተራመደች። እናቷ ከስሯ ተንበርክካ ሜትሯን ዘረጋች፣ ቁጥሩንም ግቢው ሁሉ እንዲሰማው አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ "ጨምሪ" አለች።